በመናኸሪያው በኩል የገባችው ጎል

«ሦስት ሰው ነው ያለፈው። ሦስት!» አሉ ጋሽ ዳኘ፣ ሦስት ጣታቸውን ለድንኳኑ ሰው ሁሉ እያሳዩ። «አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። ሦስተኛው ራሱ ተዘርጥጦ ቁጭ አለ። ከዚያ በረኛውን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ በመናኸሪያው በኩል፣ ታችኛዋ ጥግ ላይ! ዋለ እንዲህ አድርጎ ነው የነገረኝ። ከሜዳ በቀጥታ ሱቄ መጥቶ፣ ላቡ እንኳ ሳይደርቅ።»

ሐዳሳ የስኒ ትሪ ይዛ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆማ ነበር። አባቷ መምህር ዋለ የተቀበረው ትናንት ነው። ከቀብሩ ጀምሮ ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰውና የድሮ ተማሪዎቹ እየተፈራረቁ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፣ ዝም ይላሉ። ዝምታው ሲረዝም ደግሞ አንዱ ስለ ኳስ ያነሳል። ስለ መምህር ዋለ አውርቶ ኳስ ሳያነሳ የሚጨርስ ሰው ሆሳዕና ውስጥ አልነበረም።

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ልጅቷ መጣች» አለ አንዱ።

«ብትሰማስ? ደስ ይላታል እንጂ!» አሉ ጋሽ ዳኘ። ገበያው አጠገብ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። የአባቷ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ነበሩ። «ሐዳስዬ፣ ከአባትሽ ጋር አብረሽ አልነበርሽም እንዴ? የልጄን የኤልያብን ጎል እኮ ነው የምለው። ያንን የዋንጫውን። ሦስት ሰው አይደል ያለፈው?»

ሐዳሳ ስኒውን ስታቀብላቸው ቡናው ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ።

«አዎ ጋሼ» አለች። «ሦስት ነው።»

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ዳኘ ወደ ሰዉ ዞረው። «ያየች ሰው መሰከረች።»

ባዶውን ትሪ ይዛ ወደ ቤት ገባች። እናቷ ገነቴ ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ በሴቶች መሀል ተቀምጣ ነበር። የልጇን ፊት ስታይ በሀዲይኛ «ምን ሆንሽ?» አለቻት።

«ምንም።»

«ፊትሽን ታጠቢ በይ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር አልቀመስሽም።»

ሐዳሳ ጓሮ ሄዳ ከበርሜሉ ውሃ ቀዳችና ፊቷን ታጠበች። ጋሽ ዳኘ በሦስት ጣታቸው የሚቆጥሩት ጎል ተገብቶ አያውቅም። ኤልያብ ያን ቀን ማንንም አላለፈም። ጎሏን የፈጠረችው እሷ ናት፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኑ ለማያይ አባቷ።

*

መምህር ዋለ የዓይኑ ግፊት በርትቶበት ብርሃኑን ሲያጣ ሐዳሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምረው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣም። ሰው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ገነቴ ያቀረበችለትን እየዳሰሰ ይበላል፤ ሬዲዮ እንኳ አያስከፍትም። አንድ እሑድ ግን ከሜዳው በኩል የሕዝብ ጩኸት መጣ። የከተማው ቡድን ዋቸሞ ኮከብ እየተጫወተ ነበር። መምህር ዋለ ጩኸቱን አዳመጠ፤ ከዚያ ጫማውን ፈለገ።

«ነይ፣ ውሰጂኝ» አላት።

ክርኗን አስይዛ ወሰደችው። በባህር ዛፎቹ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ጠየቃት።

«ኳሱ የት ነው?»

«እዚያ።»

«እዚያ ማለት የት?»

«ያ ረጅሙ ልጅ ጋ… አሁን ደግሞ እዚህ መጣ።»

አባቷ ሳቀ። ሁለት ወር ሙሉ ሲስቅ አልሰማችውም ነበር። «ስሚኝ» አላት። «ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትገባው?»

«በአስፋልቱ በኩል።»

«ስለዚህ አስፋልቱ ምዕራብ ነው። እኛ ያለንበት ምሥራቅ። መስጊዱ?»

«በቀኝ።»

«ሰሜን በይ። መናኸሪያው ደቡብ። ከእንግዲህ እዚህና እዚያ የሚባል ነገር የለም። ኳሱ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ ንገሪኝ፤ ሌላውን እኔ አየዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አላመለጣቸውም። በረኛው አቤሴሎም ኳስ ከመያዙ በፊት ጓንቱን እንደሚያሸት፣ የመስመር ዳኛው ሲሮጥ ባንዲራውን ከጉያው ሥር እንደሚወሽቅ፣ ተከላካዩ ታዴዎስ ሲናደድ ካልሲውን እንደሚስብ፣ ሁሉን ትነግረዋለች። ታዴዎስ አንድ ጊዜ በቴስታ ሲወጣ ግንባሩ ተሰነጠቀ። ወጥቶ በነጭ ጨርቅ ታሰረና ተመለሰ፤ በቀረው ግማሽ ሰዓት ወደ እነሱ ጎል የመጣውን ኳስ ሁሉ በዚያው በታሰረ ግንባሩ መለሰ። ሐዳሳ ጨርቁ በየደቂቃው ምን ያህል እንደቀላ ትነግረው ነበር። «አሁን ግማሹ ቀልቷል… አሁን ነጭ የቀረው ከጆሮው በላይ ብቻ ነው።» መምህር ዋለ በየመሀሉ የራሱን ግንባር ይዳብሳል። ለወራት ያንን ጨዋታ ለሰው ሲያወራ የሰሙት ተማሪዎቹ «መምህር፣ እኛም ነበርን እኮ፣ እኛ ግን እንዲህ አላየነውም» ይሉት ነበር።

ኤልያብ ላይ ስትደርስ ግን ትንሽ ትጨምር ነበር። ኤልያብ ቀጭን፣ ግራኝ፣ በክንፍ በኩል የሚሮጥ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አንዳንድ ቀን አብዶ ሲሠራ ሜዳው በሙሉ ይቆምለታል፤ አብዛኛውን ቀን ግን ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ራሱ የሚደነግጥ ይመስላል። ሐዳሳ የሚደነግጥባቸውን ቀናት ትዘልላቸዋለች። ለምን እንደሆነ ራሷም አትጠይቅም ነበር።

*

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አቤሴሎም መጣ። አሁን ቦኖሻ ውስጥ መምህር ነው፤ የዚያን ጊዜው ሸንቃጣ በረኛ ሆድ አውጥቷል። «ጌታ ያጽናናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ያኔ አንዱ፣ «አንተ፣ ያንን ከአንጋጫው ቡድን ጋር ያደረጋችሁትን ንገረን እስቲ፤ የሪጎሬዎቹን» አለው።

«ሦስት ሪጎሬ ነው ያዳንኩት» አለ አቤሴሎም። «ሁለቱን እኔ ነኝ፤ ሦስተኛውን መምህር ናቸው።»

«እንዴት አድርገው?»

«ከጎሉ ጀርባ መጥተው ቆመው ነበር፤ ሐዳሳም አብራ። ሦስተኛው ልጅ ኳሱን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲሄድ መምህር ጠሩኝ። ‹ስንት እርምጃ ሄደ?› አሉኝ። ‹ዘጠኝ› አልኳቸው። ‹ያን ያህል የሚሄድ የት እንደሚመታ አልወሰነም። አትውደቅ፣ ቁምለት› አሉኝ። እኔ እኮ ወደ ቀኝ ልወድቅ ወስኜ ነበር! ቆምኩ። ኳሷ ቀጥ ብላ መጥታ እዚህ መታችኝ።» ደረቱን ደበደበ። «ለሳምንት አመመኝ። ያመመኝን ያህል ደስ ያለኝ ቀን የለም።»

ድንኳኑ ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታውሰው ወዲያው ዝም አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ግን «ይሳቅ፣ ዋለ መሳቅ ይወድ ነበር» አሉና መልሰው ሳቁ።

ሐዳሳ ሳህን ልትሰበስብ ስትመጣ አቤሴሎም ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ኤልያብ ውጭ ነው ያለው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘመዶቻችሁን ከቦኖሻ የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ። ሰው አውርዶ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ግባ ብለው እምቢ አለኝ። ተጣልታችኋል?»

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ?»

ሐዳሳ ሳህኖቹን ደራርባ አነሳች። አቤሴሎም በዋንጫው ጨዋታ ቀን በሰሜን በኩል ጎል ውስጥ ነበር፤ ጎሏ የገባችው በሌላኛው ጫፍ ነው። ያየው ጀርባ ብቻ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ሰሞኑን ራሷን የምታጽናናው እንዲህ ባለ ነገር ነበር።

*

ከዋንጫው ጨዋታ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ አባቷን ይዛ በጋሽ ዳኘ ሱቅ በኩል አለፈች። ጋሽ ዳኘን ተቆጥተው አገኟቸው።

«ይኼ ልጅ ዘንድሮም ሁለት ትምህርት ወደቀ» አሉ። «በቃኝ ዋለ። እሑድ የዋንጫው ነገር ይለቅና ታኬታውን አቃጥለዋለሁ። ወይ ይማራል፣ ወይ እዚህ ቆሞ ሚስማር ይሸጣል።»

«አንድ ቀን መጥተህ እየው እንጂ መጀመሪያ።»

«ሱቅ ዘግቼ?»

«ዘግተህ።»

«አይሆንም። አንተ እይልኝ» አሉ ጋሽ ዳኘ። ያሉት ነገር ለራሳቸውም ገብቷቸው ሁለቱም ሳቁ። «እውነቴን ነው፤ አንተ እይልኝና ንገረኝ። ይኼ ልጅ የሚረባ ነገር ካለው ከአንተ ልስማ። ከሌለው በቃ።»

ሐዳሳ ይህን ሁሉ ሰምታለች።

እሑድ ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ቀይ ጭቃ ሆኖ ዋለ። ከሺንሺቾ የመጣው ቡድን ጠንካራ ነበር። ኤልያብ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ሁሉ አልሆንልህ አለው። ኳስ ይሰጡታል፣ ይቀማል። ያሻግራል፣ ከባህር ዛፎቹ ሥር ትገኛለች። ከእረፍት በኋላ ከጀርባቸው የተቀመጡት «አውጡት! አውጡልን!» እያሉ መጮህ ጀመሩ።

«ማንን ነው የሚሉት?» አላት አባቷ።

«ዳኛውን ነው።»

«ዳኛ ደግሞ ይወጣል እንዴ?» አለ፤ ግን አልገፋበትም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው በምዕራብ በኩል ኮርና ተገኘ። ሐዳሳ «ኮርና በምዕራብ፣ ወደ መናኸሪያው ጎል!» አለች። ኳሱ ተመታ። ኤልያብ ሊዘል ሲል አዳለጠውና ጭቃው ውስጥ በፊቱ ወደቀ፤ ኳሷ በላዩ አልፋ የሺንሺቾውን ተከላካይ ትከሻ መታችና የራሱ ጎል ውስጥ ገባች። ሜዳው ተደበላለቀ። ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ በላያቸው ዘለለ። አባቷ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት።

«ማነው? ሐዳሳ፣ ማነው?»

ኤልያብ ገና ከጭቃው አልተነሳም ነበር።

«ኤልያብ!» አለች።

«እንዴት አድርጎ?»

ነገረችው። ሦስቱን ሰዎች ከየት እንዳመጣቻቸው አታውቅም። አንዱን በግራ አሳለፈችው፣ አንዱን በቀኝ፤ ሦስተኛውን ቁጭ አደረገችው። አባቷ አፉን ከፍቶ ሰማት። ሲያልቅ አንዴ ራሱን ነቀነቀና፣ «ወደ ዳኘ ሱቅ ውሰጂኝ» አላት።

ጋሽ ዳኘ ያን ቀን በሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ ሊመዝኑ ያነሱትን ሚስማር በእጃቸው ጨብጠው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው የሆነ ነገር መደርደሪያው ላይ ይፈልጉ ጀመር። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን ሐዳሳ አይታለች። አላፊ አግዳሚው እንኳን ደስ ያለዎት ይላቸው ነበር፤ ቡድኑ እኮ ዋንጫውን ወስዷል። የማን እግር እንዳገባት ደግሞ ማንም ለአባት ቆጥሮ አያስረዳም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤልያብ አሥራ አንደኛ ክፍልን አቋርጦ፣ በአባቱ ምርቃት፣ ኳስ ሊሞክር አዲስ አበባ ገባ።

በስምንተኛው ወር ተመለሰ። አልተቀበሉትም። ትምህርት ቤትም አልተመለሰም። ተራ አስከባሪ ሆነ፣ ረዳት ሆነ፣ አሁን በሆሳዕናና በዱራሜ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ሐዳሳ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ዱራሜ አንድ ቢሮ ተቀጠረች፤ አርብ አርብ ወደ ቤት ስትመጣ መናኸሪያ ውስጥ የእሱን መኪና ካየች የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ትጠብቃለች።

*

እሑድ የድንኳኑ የመጨረሻ ቀን ነበር። መዘምራኑ ዘምረው ከሄዱ በኋላ ሐዳሳ አንድ ስኒ ቡና ቀድታ በበሩ ወጣች። ሚኒባሷ ከአጥሩ ማዶ ቆማለች። ኤልያብ መሪው ላይ ክንዱን አስደግፎ ተቀምጧል። ሲያያት ሊወርድ ነበር፤ እሷ ግን በሌላው በር ዞራ ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለምን አትገባም?» አለችው ቡናውን እያቀበለችው።

«ምን ብዬ ልግባ? አባቴ እዚያ ያቺን ጎል እያወራ ነው። እኔ ፊት ሲያወራት አልችልም።»

ሐዳሳ በፊት መስታወቱ ወደ መንገዱ አየች። አሁን ካልተናገረች ዳግም እንደማትናገር ገባት።

«ጎሏን የፈጠርኳት እኔ ነኝ» አለች። «ለአባዬ ዋሽቼ ነገርኩት፤ እሱ ለአባትህ ነገረ። በእሷ ምክንያት ነው የሄድከው። ትምህርትህን ያቋረጥከው በእኔ ነው። ለዚህ ነው መኪናህ ላይ የማልሳፈረው።»

ኤልያብ ቡናውን አልጠጣም። ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

«አውቃለሁ እኮ» አለ። «ለእሳቸው ሜዳ ላይ ሌላ ማን ይነግራቸዋል? ከአዲስ አበባው ቡድን ያሰናበቱኝ ቀን አንቺን ነበር የረገምኩት። አልዋሽሽም። አንድ ዓመት ያህል ረግሜሻለሁ።»

«ይገባኛል።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እኔም እኮ ዝም ብያለሁ። ያን ቀን ቤት ስገባ አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ‹የኔ አይደለችም› ልለው አፌን ስከፍት ግንባሬን ሳመኝ። አባቴ ስሞኝ አያውቅም ነበር ሐዳሳ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው።» ስኒውን ከመስታወቱ ሥር አስቀመጠው። «በማግስቱ ግን ጋሽ ዋለ ጋ መጣሁ። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። ‹ጎሏ የኔ አይደለችም› አልኳቸው። ‹አውቃለሁ› አሉኝ።»

ሐዳሳ ዞራ አየችው።

«ያውቅ ነበር?»

«‹ኳስ በእግር ስትመታና ሰው ላይ ስታርፍ ድምፅዋ አንድ አይደለም› አሉኝ። ‹ደግሞ ኮርናው ተመትቶ ጎሉ እስኪገባ ሁለት ጊዜ እንኳ አልተነፈስኩም። በዚህ መሀል ሦስት ሰው አይታለፍም።› ‹ታዲያ ለአባቴ ለምን ነገሩት?› ስላቸው፣ ‹አባትህ ስለ ኳሷ አልጠየቀኝም። ልጄ የሚረባ ነገር አለው ወይ ነው ያለኝ። አለው አልኩት› አሉኝ።»

«ለእኔ ግን… አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልነገረኝም።»

«እሱንም ጠይቄያቸው ነበር። ‹ከነገርኳት ፈርታ ከዛሬ ጀምሮ ውጤቱን ብቻ ነው የምትነግረኝ› አሉኝ።»

ሐዳሳ ከቀብሩ ወዲህ ሰው ፊት አላለቀሰችም ነበር። አሁን በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ኤልያብ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ የቀዘቀዘውን ቡና ጠጣው።

«አንድ አደራ አለብኝ» አለ በመጨረሻ። «የመጣሁት ለሱ ነው። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሽ፣ እኔም ገና ለዋቸሞ ኮከብ ስጫወት፣ ከዱራሜ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። አርባ ሰው አይሞላም የመጣው። ጋሽ ዋለ ብቻቸውን ያቺ አግዳሚ ላይ ነበሩ፤ ባጃጅ ነው አድርሷቸው የሄደው። ያን ቀን… እንዴት ልበልሽ፣ እግሬ የኔ ነበር። በሕይወቴ እንዲያ ተጫውቼ አላውቅም። ሁለት አገባሁ፣ አንድ ሰጥቼ አስገባሁ። ሲያልቅ ሮጬ ሄድኩና አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ ሰሙኝና፣ ‹ገባኝ፣ ግን አላየሁትም› አሉ። ‹ለሐዳሳ ንገራት። እሷ ስትነግረኝ አየዋለሁ።›»

«እኔ ደግሞ ሸሸሁህ።»

«ሰባት ዓመት።»

«ንገረኝ» አለች።

«አሁን?»

«አሁን።»

ኤልያብ ጀመረ። ኳስ እዚህ ጋ ያዝኩ፣ ከዚያ ወዲያ ሄድኩ ሲል አቋረጠችው።

«እዚህ ማለት የት ነው? በባህር ዛፉ ነው በአስፋልቱ በኩል?»

«በአስፋልቱ።»

«በምዕራብ። የቱ ጎል ላይ ነው የምታጠቁት?»

«የመስጊዱ… ሰሜን።»

«እሺ፣ ቀጥል።»

ነገራት። በግራ እግሩ መትቶ ያገባትን፣ በረኛው ወጥቶ ሲቀርበው በላዩ ቀስ አድርጎ ያሳለፋትን፣ ሦስተኛዋን ራሱ ማግባት እየቻለ ከጎኑ ለነበረው ልጅ የሰጠበትን። ለምን እንደሰጠው ስትጠይቀው፣ «ልጁ እየጮኸ ነበር፣ አሳዘነኝ» አላት። ሐዳሳ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማው። የነፋሱን አቅጣጫ ጠየቀችው፤ አላስታወሰም። የበረኛውን ማልያ ጠየቀችው፤ ቢጫ ነበር። ሲጨርስ ሁሉንም በልቧ ደርድራ ጨርሳ፣ የት ላይ ቀስ ማለት እንዳለባት፣ የት ላይ ድምፅዋን ከፍ እንደምታደርግ ሁሉ አውቃ ነበር። ዓይኗን ከፈተች።

«አሁን ይኼን ለማን ልንገረው?» አለች።

ኤልያብ ከመቀመጫው ሥር ጨርቅ አወጣና አቧራ የሌለበትን መሪ ይወለውል ጀመር።

*

አብረው ገቡ። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት አሥር የማይሞሉ ሰዎች ነበሩ። የእድሩ ሰዎች ከኋላ በኩል ወንበሮቹን እያነሱ ነው። ጋሽ ዳኘ ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ይኸው ባለቤቱ መጣ! ና፣ ና ቁጭ በል።»

ኤልያብ አልተቀመጠም። «አባዬ፣ ያቺ ጎል የኔ አይደለችም» አለ።

«የቷ?»

«የዋንጫዋ። እኔ አላገባኋትም። ተከላካያቸው ነው በትከሻው ያስገባት። እኔ ወድቄ ነበር።»

አቤሴሎም ከጥግ በኩል አንገቱን ደፋ። ጋሽ ዳኘ መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ከዚያ ሐዳሳን አዩ።

«ዋለ ነግሮኛል እኮ» አሉ።

«ለአባዬ የነገርኩት እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ሐዳሳ። «ዋሽቼ ነው። ታኬታውን አቃጥላለሁ ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

ሽማግሌው ተነሱ። ከዘራቸውን ፈለጉ፤ አጠገባቸው ሳለ ሊያገኙት አልቻሉም። እንደገና ተቀመጡ። ንዴት ይሁን ኀፍረት ፊታቸው ላይ የመጣው ማንም አልለየውም። የእድሩ ሰዎች እንኳ ወንበር ማንሳቱን ተዉት።

«ዓይን የሌለውን ሰው እይልኝ ብዬ ልኬ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እኔ ሱቄ ውስጥ ተቀመጥኩ።» ከዚያ ቀና አሉ። «ወድቄ ነበር ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ማን ጣለህ?»

«ማንም። ጭቃው አዳለጠኝ።»

«ተጎዳህ?»

ኤልያብ ጥያቄው አልገባውም። «አሁን?»

«ያኔ ነዋ። ስትወድቅ ተጎድተህ ነበር?»

«ትንሽ… ጉልበቴን።»

«የቱን?»

«ግራውን።»

«ና እስቲ ወዲህ» አሉት።

ኤልያብ አጠገባቸው ተቀመጠ። ጋሽ ዳኘ ሚስማር ሲቆጥር የኖረ ሻካራ መዳፋቸውን በልጃቸው ግራ ጉልበት ላይ አሳረፉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጎል ያነሳ ሰው አልነበረም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳኑ ፈረሰ። ሸራው ታጠፈ፣ ብረቶቹ ታሰሩ፣ ወንበሮቹ በጋሪ ሄዱ። ግቢው ድንገት ሰፊ ሆነ። ሐዳሳና እናቷ የመጨረሻዎቹን እንግዶች ሊሸኙ እስከ አስፋልቱ ሄዱ። ኤልያብ የቦኖሻ ዘመዶችን ጫነ፤ ከአባቱ ጋር ከፊት ተቀምጠው ሄዱ። እናትና ልጅ ሚኒባሷ ከዓይናቸው እስክትጠፋ ቆመው አዩና ተመለሱ።

ሐዳሳ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር፣ ገነቴ ከኋላ። ከአጥራቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ መንገዱን የሚቆርጥ የጎርፍ ቦይ አለ። ሐዳሳ አጠገቡ ስትደርስ እርምጃዋን ቀነሰች፤ ክርኗን ከጎኗ ትንሽ ወጣ አደረገች።

«ቦይ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አንድ ሰፊ እርምጃ።»

ያለችውን የሰማችው ካለች በኋላ ነው። ባለችበት ደርቃ ቀረች። ወደ ኋላዋ መዞር አልቻለችም።

ገነቴ ያንን ቦይ ሠላሳ ዓመት ስትሻገረው ኖራለች። መጣችና በልጇ ክርን ውስጥ እጇን አስገባች።

«እሺ» አለች፤ አንድ ሰፊ እርምጃ ተራምዳ ተሻገረች።